የቮልሷ ካርቦራተርና የእናቴ ምስጋና

ወንድሜ ሲመጣ ከእሱ በፊት የምሰማው የመኪናዋን ድምፅ ነው። ቤታችን ልደታ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቮልሷ ገና ከዋናው መንገድ ወደ ግቢያችን ስትታጠፍ፣ ወጥ እያማሰልኩም ቢሆን አውቃታለሁ። ባለፈው የሚያዝያ ልደታ ጠዋት የሰማሁት ግን የጤነኛ መኪና ድምፅ አልነበረም። ተንተባተበች፣ ሳለች፣ የግቢው በር ላይ ስትደርስ ጭራሽ ጠፋች። ጥበቃውና ሁለት ጎረቤቶች እየገፉ ሲያስገቧት በመስኮት አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን ስጽፍ ማፈር እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ የሆነው ግን እንደዚያ ነው።

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ቆይታለች። "ልጄ መጣ" አለች፤ ፊቷ በራ። ውሃ አሙቄ ያጠብኳት እኔ ነኝ። ጉልበቷን በቅባት ያሸሁላት፣ ጫማዋን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። እኔ ግን አልመጣሁም፤ እኔ ሁልጊዜ እዚያው ነኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የተባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ይሠራል፣ ከነቤተሰቡ ከተማው ሌላ ጫፍ ይኖራል፤ በወር አንድ ጊዜ፣ በልደታ ቀን፣ እናታችንን ወደ ቤተክርስቲያን ሊወስዳት ይመጣል። መንገዱ ለእኔ ቢጤ የእግር መንገድ ነው፤ የእሷ ጉልበት ግን እንኳን መንገድ ደረጃውንም በስንት ልመና ነው የሚወርደው። አባታችን በሕይወት እያለ በዚያችው ቮልስ ይወስዳት ነበር። አሁን ወንድሜ ይወስዳታል። ወሩን ሙሉ ከእኔ ጋር ሆና የምትጠብቀው ያቺን አንዲት ጠዋት ነው። "ያ ልጅ ባይኖር ማን ያስታውሰኝ ነበር?" ትለኛለች፤ ለእኔ፣ መድኃኒቷን በእጄ እያጎረስኳት።

መኪናዋ እንዴት የእሱ እንደሆነች ልናገር። አባቴ ካርቦራተር ጠጋኝ ነበር። ሌላው መካኒክ ሞተር ያወርዳል፣ ፍሬን ይሠራል፤ አባቴ ካርቦራተር ብቻ። ከቤተክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወረድ፣ በጎማ ጠጋኝና በአንዲት ሱቅ መካከል የተሰነቀረች ክፍል ነበረችው። ዛሬ የምሠራባት እኔ ነኝ። ካርቦራተር ያለው መኪና አልቋል ይሉኛል። ይበሉ። አሮጌ ኮሮላና ላዳ ዛሬም ደጄ ላይ ይሰለፋል፤ ደግሞም አሁን አሁን ሙሽሮች በድሮ መኪና ካልሄድን እያሉ፣ ዶሮ ሲያድርባቸው የኖሩ ፊያቶች ሁሉ ከየጓሮው እየወጡ ነው።

የአባቴ ጥበብ ከከተማችን የሚመነጭ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣ ካርቦራተር ግን ቆላ ላይ የሚነዳ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ውስጡ የነሐስ ብሎን አለች፣ መሐሏ ቀጭን ቀዳዳ ያላት፤ ለሞተሩ ቤንዚኑን የምትለካው እሷ ናት። ቆላ ላይ ልክ የነበረው ቀዳዳ እዚህ ይሰፋል፤ መኪናዋ ቤንዚን በዝቶባት ታንቃለች፣ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። "የቆላ ጉርሻ ነው የሚያጎርሳት" ይል ነበር አባቴ፤ "ጉርሻውን ማሳነስ ነው።" እርሳስ አቅልጦ ቀዳዳዋን ይደፍናል፤ ሲቀዘቅዝ ከፀጉር ብዙም በማይወፍር መብሻ፣ በእጁ እያዞረ፣ ጠበብ አድርጎ እንደገና ይበሳታል። ዓይኑን ሞራ ሲጋርደው ሥራው ወደ እኔ ዞረ። እኔ እበሳለሁ፣ እሱ ያዳምጣል።

የገዛ ቮልሱን ቀዳዳም የበሳሁት እኔ ነኝ። ስንሞክራት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆመ። መኪና ስትሮጥ ሁሉም ደህና ናት፣ ቆማ ስታወራ ነው የምትታወቀው የሚል እምነት ነበረው፤ ቆማ የምታወራውን መካኒኮች ሚኒሞ ይሉታል። ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ሞተሩ ለራሱ የሚያወራው ወሬ ነው። አባቴ ያን ወሬ ብዙ ሰማና "አሁን ልኳን ጎረሰች" አለ። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከማንም ሰምቼ አላውቅም።

ሲሞት ሽማግሌ ተቀመጠ። የአባቴ እህት ባል፣ ሁለት የዕድር ሰዎች። "መኪናዋ ለወንዱ ትሁን፣ የሥራ ዕቃው ለሷ፤ እንጀራዋ ስለሆነ" አሉ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም እሺ አልኩ። ፍርድ ቤቱ እኮ ከቤታችን ብዙ አይርቅም፤ ወንድምና እህት ለአንድ ክፍል ቤት ሲካሰሱ፣ ጥላ ሥር ጀርባ ተሰጣጥተው ተራ ሲጠብቁ፣ ወደ ሥራ ስሄድ በየቀኑ አያለሁ። እንደነሱ መሆን አልፈለግኩም። አልከሰስኩም፤ ቀናሁ እንጂ። ቅናት ጠበቃ አያስፈልገውም፣ ቀጠሮም የለውም።

እንግዲህ ያን ጠዋት ወንድሜ እጁን እየጠረገ ገባ፤ የእናታችንን ጉልበት ሳመ።

"ደከምክ አይደል የኔ ጌታ?" አለችው።

"ምን ሆና ነው?" አልኩት እኔ፤ ስለ መኪናዋ።

"ካርቦራተሯን ቀየርኩላት። ጓደኛዬ ነው ከጀርመን ያመጣልኝ፤ አዲስ፣ ኦርጅናል። ገና አልለመደችው ይሆናል።"

ኦርጅናል! በዚህ ከተማ ከዚህ ቃል የሚጣፍጥ የለም። ጫማው ኦርጅናል፣ ማሩ ኦርጅናል፣ የሰርጉ ሽማግሌ ሳይቀር ኦርጅናል።

"አሮጌውስ?" አልኩት።

"ሶማሌ ተራ ሰጠሁት" አለ፤ ሊስትሮ እንደማይቀበለው ጫማ አድርጎ። ያቺ እኔ የበሳኋት ቀዳዳ፣ አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የሰማት፣ ሶማሌ ተራ። እናቴ ፊት ስለነበርን ንዴቴን ውጬ ነጠላዋን አስተካከልኩላት።

ለእናታችን ታክሲ ጠራላት። ደረጃውን ስትወርድ የተደገፈችው የእሱን ክንድ ነው፤ እኔ ከኋላ ቦርሳዋን ይዣለሁ። ከቤተክርስቲያን መልሷት ሊሄድ ሲል፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ "ሰርግ ላይ መኪና የሚያከራይ ሰውዬ ሽጥልኝ እያለ ነዝንዞኛል" አለ። "ለግንቦት ልደታ ደርሳ እማዬን ካልወሰደችልኝ እሸጣታለሁ። በቃኝ።" እያት እስቲ አላለኝም። የልደታ ሰፈር ሙሉ ካርቦራተሩን ተሸክሞ እኔ ጋ ይመጣል፤ የገዛ ወንድሜ ግን እያት አላለኝም። ቀዝቅዛ ስትነሳለት ግቢውን በጭስ ሞልቶ ወጣ፤ ልብስ ያሰጡ ሴቶች ከአራቱም ብሎክ እርግማን አወረዱበት፤ እኔም በሆዴ አሜን አልኩ።

ከዚያ በኋላ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ባስተካክላት እሱ በኩራት እየነዳ ይመጣል፣ እናቴ ልጄ መጣ ትላለች፣ እኔ ቦርሳ እይዛለሁ። ባላስተካክላት ደግሞ የአባቴ መኪና ሪባን ታስሮባት፣ የማላውቃትን ሙሽራ ይዛ፣ በሱቄ ደጃፍ እየጮኸች ስታልፍ አያለሁ። የቱ የበለጠ እንደሚያቃጥለኝ መለየት አቃተኝ። በመጨረሻ አንድ ነገር ቆረጥኩ፤ አሮጌውን ካርቦራተር ፈልጌ አገኛለሁ። በእጄ ከገባ እሱ መጥቶ ይለምነኛል። ሲለምኑኝ እንዴት እንደሚጥም አንድ ቀን ልቅመስ አልኩ።

ሶማሌ ተራ የመኪና ሬሳ የሚበለትበት ሰፈር ነው። በሩ ለብቻ፣ መብራቱ ለብቻ፣ ሞተሩ ለብቻ ተከምሯል። ቮልስ ካርቦራተር ስል ከየሱቁ አንድ አንድ ያወጡልኛል።

"ኦርጅናል ነው እህቴ" ይለኛል አንዱ፣ የፊያቱን እያቀበለኝ።

"ይሄ እኮ የፊያት ነው።"

"አዎ፣ ኦርጅናል የፊያት ነው" ይላል፤ ፊቱ አይለወጥም።

እያንዳንዱን ከፍቼ ቀዳዳዋን ወደ ብርሃን አያለሁ። የእኔ እርሳስ ይታወቀኛል፤ ዙሪያውን ለስለስ አድርጌ ስለምጨርስ፣ አባቴ እንኳ ሞራ በጋረደው ዓይኑ በጥፍሩ ዳብሶ ይለየው ነበር። ግማሹ ዝጎ የሞተ ነው። ግማሹ ቀዳዳው በሽቦ ተጎርጉሮ ሰፍቷል። የእኔ የለም። የማላውቃቸውን ሰዎች እጅ ስመረምር ከዋልኩ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ አባቴን የሚያውቁ አንድ ወሎዬ ሐጂ ጋ ደረስኩ። ሱቃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አመጣጤን ነገርኳቸው።

"ወንድምሽ እዚህ ነው ያመጣው?"

"እንደዚያ ነው ያለኝ፣ ሐጂ።"

"ወላሂ የቮልስ ካርቦራተር እዚህ ሰፈር ገብቶ እኔ ሳልሰማ አያድርም። እንኳን የአባትሽ መኪና። የኔ ልጅ፣ ዕቃሽ አልተሸጠም። ቤት ፈልጊው።"

ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው፣ ለካ ዋሽቶኛል። ከእኔ ደብቆ ለዚያ ለሰርግ ሰውዬ ከነመኪናዋ ሊሸጠው ነው አልኩ። መታጠፊያው እስኪደርስ አላስቻለኝም፣ ስልክ መታሁለት።

"ሶማሌ ተራ ለማን ነው የሰጠኸው? ስሙን ንገረኝ።"

 "ቅዳሜ ሱቅ እመጣለሁ" ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ ቮልሷ እያሳለች ደጄ ላይ ቆመች። ጎማ ጠጋኙ ጎረቤቴ ጭሱን በእጁ እያባረረ፣ "ዛሬስ ምን አብልተህ ነው ያመጣሃት?" አለው። ወንድሜ አልሳቀም። እኔም ሰላምታ ሳላበዛ ለሞተሩ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈታሁ፤ ከሰል መስሏል። አዲሱን ካርቦራተር አወረድኩት። ሲያምር! ገና ያብረቀርቃል። የነሐሷን ብሎን አውጥቼ ወደ ብርሃን ያዝኳት፤ ቀዳዳዋ ሰፊ፣ ክብ፣ ንጹሕ፣ የቆላ ጉርሻ።

"አሮጌው የታለ?" አልኩት።

ወደ መኪናዋ ፊት ሄደ። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ዕቃ የሚጫነው ከፊት። ኮፈኑን ከፈተና በልጁ አሮጌ ሹራብ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ፈታሁት። እሱ ነው። ሳልከፍተው አወቅኩት።

"ይዘኸው ነው የምትዞረው? ታዲያ ለምን ዋሸኸኝ?"

"ብነግርሽ መልሺው ትይኛለሽ።"

"ደህና የሚሠራ ካርቦራተር አውርደህ ይሄን ምን አስገዛህ?"

ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ከቢሮ ሰው ይልቅ ተቀጥቶ የመጣ ልጅ መሰለ። "ሁሉ ነገሯ ያንቺ ነው" አለ። "መንገድ ላይ አንድ መካኒክ ኮፈን ከከፈተ፣ 'ይሄማ የካርቦራተር ጠጋኙ ልጅ፣ የሴትየዋ እጅ ነው' ይለኛል። አባዬ እኔን አንድ ቀን እንኳ ካርቦራተር አስነክቶኝ አያውቅም፤ እጅህ ከባድ ነው ይለኝ ነበር። አንድ፣ አንድ የኔ የሆነ ነገር ላስገባባት ብዬ ነው።"

"መኪናዋ ያንተ ሆና?"

"ይሄን ይሄንማ እችለው ነበር። እማዬ ናት ያቃጠለችኝ።"

"እማዬ ምን አደረገችህ? ወሩን ሙሉ አንተን ስትጠብቅ!"

"እኔን?" አለና ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። "በየወሩ ከግቢ እስክንወጣ አትታገስም። 'ያቺ ልጄ ባትኖር እኔ አፈር ነበርኩ' ትላለች። 'ውሃ የምታሞቅልኝ እሷ፣ ጉልበቴን የምታሽልኝ እሷ፤ ይህች መኪናስ የምትነሳው በማን እጅ ሆነና? እጇ ይባረክ' እያለች እስከ ቤተክርስቲያን። ስመልሳትም ያንኑ። እኔ ሾፌር ነኝ እንጂ ልጅ አይደለሁም። ካርቦራተሩን ብቀይረው እንኳ ያቺን 'በማን እጅ' የምትለዋን ትተዋለች ብዬ ነው።"

እጄ ላይ ያለውን ካቻቢቴ ማስቀመጥ ረሳሁ። እናቴ? እኔን? መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ሙሉ፣ የሚያሰክር ደስታ። ቀጥሎ ንዴት መጣ። ይህን ሁሉ ዘመን ምስጋናዬ በዚያች መኪና ውስጥ ሲፈስ ኖሯል፣ እኔ ግን ጠብታው አልደረሰኝም።

"እኔን ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ?" አልኩት። "'ያ ልጅ ባይኖር ማን ያስታውሰኝ ነበር?' ነው የምትለኝ። መድኃኒት እየሰጠኋት።"

"ውሸትሽን ነው።"

"ልደታን።"

ተያየን። ከልጅነታችን ጀምሮ በዚያ ዓይን ተያይተን አናውቅም። እሱ የኔን ምስጋና ሲያደምጥ፣ እኔ የእሱን ሳደምጥ፣ ሁለታችንም ደረቅ ጉሮሯችንን ይዘን ኖረናል። እናታችን አጠገቧ ያለውን አታመሰግንም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ምናልባት አጠገቧ ያለው አይጠፋብኝም ብላ ይሆናል።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ካርቦራተር ተቀምጧል፤ የእኔና የእሱ። አሮጌውን ብመልሰው ሥራው በአንድ አፍታ ያልቃል፣ መኪናዋም መልሳ የኔ ትሆናለች። እጄ ወደዚያው ሄዶ ነበር፣ አልዋሽም። እሱም እጄን ነው የሚያየው። ለመለመን የመጣ ሰው ዓይን ነበረው። ያን ሁሉ ቀን የጓጓሁለት ልመና ይኸው ፊቴ ተቀምጧል፤ እንዳሰብኩት ግን አልጣመኝም።

"አሮጌውን ለኔ ስጠኝ" አልኩት። "ያንተን እኔ አስተካክለዋለሁ።"

"ለዘለቄታው?"

"ለዘለቄታው።"

"ውሰጂው" አለ፤ ሹራቡን ግን መልሶ ወሰደ።

እርሳስ አቀለጥኩ። የኦርጅናሉን ብሎን ቀዳዳ ደፈንኩና፣ ሲቀዘቅዝ በአባቴ መብሻ፣ በጣቶቼ መሐል ቀስ እያደረግኩ በሳኋት። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ያያል። ላበላሽበት የፈለግኩ ይመስል ይጠብቀኛል። ካርቦራተሩን መልሼ ገጥሜ ሳጠባብቀው ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አንዴ አነጠሰችና ያዘች። ሚኒሞውን አስተካከልኩ። ወሬዋ ረጋ እያለ፣ እየለሰለሰ መጣ፤ ጎማ ጠጋኙም መዶሻውን አቁሞ ሰማ። ወንድሜ አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ ልክ እንደ አባቴ። ያን አንገት ሳይ እንደገና ቀናሁ። እኔ የማልመስለውን ነገር ይመስላል።

ግንቦት ልደታ ደረሰ። ግቢያችን ውስጥ በየብሎኩ ሥር ንፍሮ ተጥዶ፣ ሴቶቹ ወንበር እያወጡ ሳለ ቮልሷ ሳትሳል፣ ሳታጨስ ገባች። "ልጄ መጣ" አለች እናቴ። በዚያን ቀን ቦርሳ ይዤ በር ላይ አልቀረሁም፤ ሱቄን ዘግቼ እኔም የኋላ ወንበር ላይ ገባሁ። እናቴ ተገርማ አየችኝ። ወንድሜ ግን ለምን እንደገባሁ ገብቶታል። ሁለታችንም አጠገቧ ስንሆን ማንን እንደምታመሰግን ልንሰማ ነው። በስፔኪዮው አየኝ፤ እኔም ጆሮዬን አቀናሁ።

ከግቢ ወጣን። ዝም። ዋናውን መንገድ ያዝን። ዝም አለች፤ ጸሎቷን እንኳ በከንፈሯ ብቻ ነው የምታደርሰው። ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። "መኪናዋ ደህና ሄደች አይደል፣ እማዬ?" አላት። "ደህና ናት" አለች፤ በቃ። እኔም ወደፊት ጠጋ ብዬ "ጉልበትሽን አሻልሽ?" አልኳት። "ደህና ነው" አለች። ሁለታችንም ወደ ወንበራችን ተመለስን።

ቤተክርስቲያኑ ጋ ስንቃረብ መንገዱ ነጭ በነጭ ሆኗል። ትራፊኩ እጁን ዘርግቶ አስቆመን፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ወንድሜ የሚችለውን ያህል ዳሩን ይዞ አቆመ። እናቴ ሕዝቡን አየች፣ የቀረውን መንገድ አየች፣ በረጅሙ ተነፈሰች።

"አባታችሁ ቢኖር እኮ እስከ በሩ ያስጠጋኝ ነበር" አለች። "እጁ ይባረክ፤ እሱ ነበር የሚያውቅልኝ።"

አባታችን እዚያችው ቦታ ነበር የሚያቆመው። ትራፊክ በሌለበት ዘመን እንኳ መንገዱ ዳር ካለችው ዛፍ አልፎ አያውቅም፤ "ምን ያለው ሰው ነው፣ እግሬን ሊቆርጠኝ!" እያለች ስንት ግንቦት ልደታ አኩርፋዋለች፤ ሁለታችንም ኋላ ወንበር ላይ ሆነን ሰምተናል። ወንድሜ በስፔኪዮው አየኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ያለውን አወቅኩት፣ የእኔው ነው። ማንም ነዳጅ ሳይረግጥ ሞተሩ ረጋ ብሎ ያወራል። እኔ በአንዱ ክንዷ፣ እሱ በሌላው ይዘን አወረድናት። ያን ጠዋት ሁለታችንም የቀናነው በአባታችን ነበር።